ባለቤቴ በእሑድ ጋዜጣዬ ያሾፋል፤ እኔም ጨርሼው አላውቅም

ጤና ይስጥልኝ። ወደ እርስዎ ከሚላኩት ደብዳቤዎች አንጻር የእኔ ጥያቄ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ቢሆንም ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ጻፍኩልዎት።

ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ስለምውል ዜና የማየው በስልኬ ነው። ከተወሰኑ ወራት ወዲህ ግን እሑድ እሑድ የሚወጣውን የከተማችንን ጋዜጣ መግዛት ጀመርኩ፤ ወደድኩትም። ልጆቹ ሳይነሱ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼው ስቀመጥ የሳምንቱ ድካም ይለቀኛል። ግን ሦስት ነገር ሰላም ነሳኝ። አንደኛ፣ ባለቤቴ ያሾፍብኛል። «ያደረ ዜና በገንዘብሽ ትገዣለሽ? ይኼ ሁሉ እኮ ስልክሽ ላይ አለ» ይለኛል። ሁለተኛ፣ አንድም ቀን ጨርሼው አላውቅም። «በኋላ አነበዋለሁ» እያልኩ ያስቀመጥኩት ክምር ሶፋው አጠገብ ቆሟል፤ ባየሁት ቁጥር ይከብደኛል። ሦስተኛው ያሳፍራል፤ የምጀምረው ከኋላ ነው። የሐዘን ማስታወቂያ፣ ጨረታ፣ የጠፋ ዕቃ፣ ከዚያ የቃላት ጨዋታ። ፖለቲካው ጋ የምደርሰው ጊዜ ከተረፈኝ ነው። ጋዜጣ ማንበብ አልችልበትም ማለት ነው?

ረስቼው፦ ደስ ያለኝን ጽሑፍ በመቀስ ቆርጬ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ በዚህም ተቆጣ። «ጋዜጣውን በሳሳሽው» አለኝ። መቁረጡን ልተው?

የእሑዷ አንባቢ

* * *

እህቴ፣

ቀልድ አይደለም። ሰው የሚወደውን ነገር በሰላም መውደድ ካቃተው፣ ነገሩ ትንሽም ቢሆን መላ ይፈልጋል። ከሦስተኛው ልነሳ፤ አንቺ ያፈርሽበት ለእኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ ደስ ያለኝ ስለሆነ።

ጋዜጣ ከኋላ የሚጀምረው ሰው ብዙ ነው። ስፖርት ወዳዶችን ተያቸው፤ ግማሾቹ የፊት ገጹን የሚያዩት ጋዜጣውን ሲያጥፉ ነው። «ማንበብ አትችሉም» ያላቸው ግን የለም። የፊት ገጽ የአዘጋጆች ምርጫ ነው። ተሰብስበው «የሳምንቱ ትልቅ ነገር ይኼ ነው» ብለው የወሰኑት ነው። የኋላው ገጽ የነዋሪው ነው። ማን እንዳረፈ፣ ማን ቤቱን እንደሚሸጥ፣ የማን ሰነድ እንደጠፋ፣ ማን ሠራተኛ እንደሚፈልግ። እዚያ ማንም አስተያየት አይሰጥሽም። ሰዎች ለጉዳያቸው ሲሉ በራሳቸው ገንዘብ ያሳተሙት ስለሆነ አንዳንዴ ከዘገባው ይልቅ የከተማዋን ልክ የሚያሳየው እሱ ነው።

የጨረታ ማስታወቂያ ደረቅ ነው ይባላል። እኔ ግን ከርዕሰ አንቀጹ በፊት የማነበው እሱን ነው። የከተማው አስተዳደር የጠጠር አቅራቢ ከፈለገ አንድ ሰፈር መንገድ ሊቆፈር ነው። ትምህርት ቤት የወንበር ጨረታ ካወጣ ተማሪ ሊጨምር አስቧል። ያው ጨረታ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ ከወጣ ደግሞ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ይህን የተከታተለ ሰው ጉዳዩ የፊት ገጽ ላይ ሲወጣ አይደነግጥም። ቀድሞ ያውቀዋል።

የሐዘን ማስታወቂያውንም አትፈሪው። ሞት ስለምትወጂ አይደለም የምታነቢው። በየቀኑ ሰላም ብለሽው የምታልፊው ዝምተኛ ሰው በወጣትነቱ ምን ሲሠራ እንደነበር፣ ማንን አስተምሮ ማንን እንዳሳደገ የምታውቂው አንዳንዴ እዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው።

የቃላት ጨዋታውማ የእሑድ ጋዜጣ የገዛ ልጅ ነው። ወደ ጎንና ወደ ታች የሚሞላውን ይህን ጨዋታ የፈጠረው የእንግሊዟ ሊቨርፑል ተወላጅ አርተር ዊን ነው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ የእሑድ መዝናኛ ክፍል ላይ ነበር። ቀኑ እሑድ ነው። ቁም ነገረኛው ኒው ዮርክ ታይምስ በጨዋታው ለዓመታት አፌዘበት፤ ጊዜ ማባከኛ ነው አለ። በመጨረሻ እሱም ተሸነፈ። የራሱን የቃላት ጨዋታ ያወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 ነው፤ ያም ቀን እሑድ ነበር። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች ገና ሦስት ወር አልሞላም። አንባቢው ከጭንቅ ዜና ፋታ እንደሚያስፈልገው አዘጋጆቹ ያኔ ገባቸው። እንግዲህ አንቺ ሳምንቱን ሙሉ ሠርተሽ እሑድ ጠዋት በዚያ ገጽ ብትጀምሪ ምኑ ያሳፍራል?

አሁን ወደ ባለቤትሽ። «ያደረ ዜና» ያለው ውሸት አይደለም። ዜና ማለት «ምን ሆነ?» ብቻ ከሆነ ስልክ ያሸንፋል፤ ክርክር የለውም። የእሑድ ጋዜጣ ሐተታ፣ ቃለ መጠይቅና ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በሳምንቱ መሐል ነው። ቅዳሜ ማታ የሚሯሯጡለት በአብዛኛው የፊት ገጹንና የስፖርቱን ውጤት ነው። ስለዚህ ከስልክ ጋር አልተሽቀዳደመም፤ ውድድሩ ውስጥም አልገባም።

ባለቤትሽ ያልያዘው ነገር ቢኖር ጋዜጣ ሲፈጠርም ሳምንታዊ እንደነበር ነው። ብዙዎች የመጀመሪያ የሚሉትን የታተመ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1605 በስትራስቡርግ ያወጣው ዮሐን ካሮሉስ ነው። ሰውዬው ቀድሞ በእጅ የተገለበጠ የዜና ወረቀት ለባለጸጎች ይሸጥ ነበር። መገልበጡ አዝግሞ ሲያስቸግረው ወደ ማተሚያ ዞረ። በሳምንት አንዴ የሚወጣ ነበር፤ በውስጡ ያለው ወሬ ከሩቅ አገር በፈረስ የመጣ ስለሆነ ያደረ ብቻ ሳይሆን የከረመ ነው። ሰው ግን ገዛው። በየቀኑ የሚወጣ ጋዜጣ የመጣው ከዚያ 45 ዓመት ቆይቶ በላይፕሲግ ነው። የእሑዱማ መጀመሪያ ላይ ብዙ ተቃዋሚ ነበረው፤ ሰንበት ያስሽራል ተባለ። ቢሆንም በእንግሊዝ የመጀመሪያውን የእሑድ ጋዜጣ ኤልዛቤት ጆንሰን የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ አሳተመች። ከእሷ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1791 የተጀመረው ኦብዘርቨር እስከ ዛሬ እየወጣ ነው። ያደረ ዜና ይህን ያህል ዘመን ሲሸጥ ኖሯል ማለት ነው።

ለምን? ሰዎች ምን አግኝተውበት ነው? ይህን በደንብ ያሳየ አንድ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1945 ጁን መጨረሻ ላይ በኒው ዮርክ ጋዜጣ የሚያደርሱ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። አድማው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። ጋዜጦቹ ይታተማሉ፤ ግን ሰው ቤት አይደርሱም። ልብ በይ፣ ያን ጊዜ ሬዲዮ አለ። ዜናው በየሰዓቱ ይነገራል። እንደ ባለቤትሽ አነጋገር «ይኼ ሁሉ ሬዲዮ ላይ አለ» ማለት ይቻል ነበር። ሰው ግን ጋዜጣ ለመግዛት የጋዜጦቹ ሕንጻ ድረስ ሄዶ ተሰለፈ።

በርናርድ ቤረልሰን የተባለ ተመራማሪ በዚያ ወቅት «ምን ጎደለባችሁ?» ብሎ አንባቢዎችን በረጅሙ አነጋግሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1949 አሳተመ። ሁሉም መጀመሪያ የሚመልሱት አንድ ነው፤ ጋዜጣ ቁም ነገር ነው፣ የዓለምን ሁኔታ እናውቅበታለን ይላሉ። «እሺ፣ የትኛው ጉዳይ አመለጣችሁ?» ሲባሉ ግን ብዙዎቹ የሚጠቅሱት አንድም ነገር የላቸውም። የጎደለባቸው ሌላ ነው። ንባቡ ራሱ። ቁጭ ብሎ መግለጡ፣ ከሰው ጋር የሚጫወቱበት ወሬ ማግኘቱ፣ ከዓለም የተቆረጡ ያህል አለመሰማቱ። ሲጨንቃቸው ቤት የቆየ መጽሔትና አሮጌ ጋዜጣ አውጥተው እንደገና ያነበቡም ነበሩ። ባለቤትሽ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ። ያደረ ሳይሆን ሁለቴ የተነበበ ዜና ነው እኮ!

ለልጆች ደግሞ የጎደለው የእሑዱ የሥዕል ቀልድ ነበር። የከተማው ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ምን አደረገ መሰለሽ? በከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ቀርቦ የሥዕል ቀልዱን እየተረከ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ አነበበላቸው። በዚያ ጦርነቱ ገና ባላለቀበት ዘመን የአንድ ትልቅ ከተማ ከንቲባ ለዚህ ጊዜ ማግኘቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እሑድ ጋዜጣ የሌለበት ቤት ባዶ እንደሚመስል የገባው ሰው ነበር።

እንግዲህ አንቺም ልጆቹ ሳይነሱ የምታገኚው ይህንኑ ነው። ዜና ብቻ አይደለም። ስልክሽ አንቺን ያውቅሻል፤ ትናንት የነካሽውን ዛሬ ያመጣልሻል። ጋዜጣው አያውቅሽም። ስለዚህ ፈልገሽው የማታውቂውን ነገር ፊትሽ ይዘረጋዋል። ስለ ውኃ መስመር ብልሽት ልታነቢ ገልጠሽ ዓይንሽ አጠገቡ ያለው ዓምድ ላይ ያርፋል፤ ጡረታ የወጣ መምህር ንብ ማነብ ስለ መጀመሩ። ንብ አስበሽ አታውቂም። ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ግን ንግሥቲቱ ንብ ከቀፎ ስትወጣ ምን እንደሚሆን ለባልሽ እየነገርሽው ነው።

ደግሞ የእናንተ ጋዜጣ የአካባቢ ጋዜጣ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ሩቅ አገር የተጻፈ ዘገባ ስህተት ቢኖረው አታውቂበትም። ስለምትሻገሪው ድልድይ የተጻፈ ስህተት ግን ወዲያው ይታይሻል። ዘጋቢውም ይህን ያውቃል፤ ነገ መንገድ ላይ ሊያገኘው የሚችል ሰው ነው የሚጽፍለት። በዚህ ምክንያት ጥሩ የአካባቢ ጋዜጣ ይጠነቀቃል፤ ሲሳሳትም እርማት ያወጣል። የእርማት ሳጥኗን ሁልጊዜ አንብቢያት። ጋዜጣው ሐቀኛ መሆን አለመሆኑን በአምስት መስመር ትነግርሻለች። እርማት ፈጽሞ የማያወጣ ጋዜጣ ስህተት የለበትም ማለት አይደለም።

ባለቤትሽ «ምን ይጠቅማል?» ብሎ ከጠነከረብሽ ደግሞ ይህችን ንገሪው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ከ3 ሺህ በላይ ጋዜጦች ጠፍተዋል፤ አብዛኞቹ የአካባቢ ሳምንታዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ሲንሲናቲ ፖስት የተባለው ሲዘጋ ሁለት ተመራማሪዎች ጋዜጣው ይዘግብላቸው የነበሩትን በኬንታኪ ግዛት በኩል ያሉ ትናንሽ ከተሞች ተከታተሉ። ለአካባቢ ምርጫ የሚወዳደረው ሰው ቀነሰ፤ የሚመርጠውም እንደዚያው፤ ወንበር ላይ ያሉት ወንበራቸውን የመያዝ ዕድላቸው ጨመረ። ጥናቱ የተሠራው በትንሽ አካባቢ ነው፤ ብዙ አንሸከምበትም። ግን የሚያይ ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

ጋዜጣውን ልቀባልሽ ግን አልፈልግም። የአካባቢ ጋዜጣ ውስጥ አሰልቺ ገጽም አለ። ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ፣ ባለሥልጣን ችግኝ ሲተክል፣ ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ ከሌላ ጎን። መግለጫው እንደ ወረደ የተገለበጠበት «ዜና» አለ። እነዚህን ዝለያቸው። ስትዘዪም ዞር ብለሽ አትዪ።

ይህ ወደ ክምሩ ያመጣናል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ጋዜጣ ማለቅ አለበት ያለሽ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1987 ሴፕቴምበር የወጣ አንድ የኒው ዮርክ ታይምስ የእሑድ ዕትም 1,612 ገጽ ነበረው፤ ክብደቱ ከ5 ኪሎ በላይ ነው። ያን የጨረሰ ሰው አለ ብዬ አላምንም፤ አዘጋጆቹም አልጠበቁም። ጋዜጣ የሚሠራው ለብዙ ዓይነት ሰው ነው። ገበያ የወጣ ሰው ያየውን ሁሉ ሸምቶ አይመለስም፤ አንቺም ለአንቺ የሆነውን ይዘሽ ቀሪውን ለባለቤቱ ተዪለት።

እኔ የማስበው ጸጸቱ ከጋዜጣው እንዳልመጣ ነው። ከስልኩ ነው የመጣው። ስልክ ያልተከፈተ መልእክት ሁሉ በቀይ ቁጥር እየቆጠረ ያሳየናል፤ ያን ቁጥር ዜሮ ማድረግ ደግሞ ሥራ ሆኖብናል። አንቺ ያንኑ ቀይ ቁጥር ወስደሽ ክምሩ ላይ ለጠፍሽው። ጋዜጣ ግን አይቆጥርብሽም። እሑድ ያላነበብሽው ገጽ ሰኞ አይጠራሽም።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህን ነው። አዲሱ እሑድ ሲመጣ ያለፈው እሑድ ከቤት ይውጣ። ከመውጣቱ በፊት ቆመሽ አንዴ ገልጥ ገልጥ አድርጊው፤ ዓይንሽን የሳበው ካለ ቁረጪው፤ የቀረው ይሂድ። አሁን ሶፋው አጠገብ ላለው ክምርም ከዚህ የተለየ ሥርዓት አያስፈልግም። አንድ ከሰዓት በኋላ ስጪው፣ ልጆቹን ጥሪና አብራችሁ ጨርሱት። መስኮት ለመወልወል ጥቂት አስቀሪ። የቀረውን ወረቀት የሚሰበስብ ካለ ይውሰደው፤ የወረቀት ቃጫ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመልሶ ወረቀት መሆን ይችላል። «በኋላ» የምትይው ቀን የሚመጣ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይመጣ ነበር።

ንባቡን የሚያቀልልሽ የሙያው ምስጢር ደግሞ ልንገርሽ። ዜና ሲጻፍ ዋናው ነገር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ እየወረደ ሲሄድ ይቀላል። ድሮ ገጹ ሲሞላ አዘጋጁ ከጭራው ስለሚቆርጥ ነው እንዲህ የተለመደው። ስለዚህ የአንድን ዜና ሁለት አንቀጽ አንብበሽ ብትተዪው ሰነፍሽ ማለት አይደለም፤ የተጻፈው እንዲያ እንዲነበብ ነው። ሐተታና የሰው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ጥሩ ጸሐፊ ምርጡን ለመጨረሻ ያስቀምጣል። እሱን ከጀመርሽ አትተዪው፤ ጊዜ ከሌለሽ አትጀምሪው። ርዕሰ አንቀጹን እንደ ስሜትሽ አድርጊ። የአንባቢያን ደብዳቤ ግን አትለፊ፤ በተለይ የተቆጡ ሰዎች የጻፉትን። እዚያ የሚገኘው አማርኛ ከሌላው ገጽ ሁሉ ይጣፍጣል።

(እዚህ ላይ ለራሴ ዓምድ ጠበቃ ልሁን፦ የአንባቢን ጥያቄ አሳትሞ መመለስም ዕድሜው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1691 ለንደን ውስጥ ጆን ደንተን የተባለ አሳታሚ ጀመረው። ስለ ትዳር የጠየቁትም ጥቂት አልነበሩም። ባል በሚስቱ ጋዜጣ ስለማሾፉ የጠየቀ ይኑር አይኑር አላነበብኩም።)

ስለ ልጆችሽ አልጠየቅሽኝም፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። እናት ስልክ ይዛ ስታነብ ልጅ ምን እንደምታደርግ አያውቅም። መልእክት ትሁን፣ ጨዋታ ትሁን፣ መጽሐፍ ትሁን፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ጋዜጣ የዘረጋች እናት ግን እያነበበች እንደሆነ ይታያል። ቀስ ብለው ይመጣሉ። የቃላት ጨዋታውን አንዱን መስመር ጠይቂያቸው፤ የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ ካለ አሳዪያቸው። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው የብቻሽ አይሆንም፤ ይህን ግን አስቢበት፤ ብቸኝነቱን ከወደድሽው ሳይነሱ መነሳት ይኖርብሻል።

አሁን መቀሱ። መቁረጡን አትተዪ። ግን ቆርጠሽ የምታስቀምጪው እንዳይበላሽ ጥቂት ነገር ማወቅ ይጠቅምሻል። የጋዜጣ ወረቀት ርካሽ የሆነው እንጨቱ እንዳለ ተፈጭቶ ስለሚሠራ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ኬለር እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ይህን ዘዴ ካገኘ ወዲህ ጋዜጣ ለተራ ሰው ደረሰ። ጉዳቱ ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ወረቀቱ ውስጥ መቅረቱ ነው። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ያቢጫል፤ እየቆየ ይሰባበራል። መስኮት አጠገብ የተወሽውን ጋዜጣ ካየሽ ገብቶሻል። ስለዚህ ቁራጩን ከብርሃንና ከእርጥበት አርቂው። በፕላስተር አትለጥፊው፤ ሙጫው ቡናማ ሆኖ ይቀራል። በላስቲክ አታስለብጪው፤ ከዚያ ወዲያ ማውጣት አይቻልም። የቤተሰብ ፎቶ አልበም ውስጥም አትክተቺው፤ ወረቀቱ የሚያወጣው አሲድ አጠገቡ ያለውን ያበላሻል። በጣም የምትወጂውን በጥሩ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አስነሺ። ወይም በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ይኸው፣ ስልኩም ሥራ አገኘ፤ ለባለቤትሽ ንገሪው።

ባለቤትሽን ካነሳን፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ አንድ ነገር አልገጥምልህ አለኝ። ያደረ ዜና ነው፣ ስልክ ላይ አለ፣ ገንዘብ ማባከን ነው የሚል ሰው ጋዜጣው ቢበሳሳ ምን ጎደለበት? ባዶ ቦታውን ያየው ወደዚያ ገጽ ስለሄደ ነው። ሰውዬው ያነባል! አንቺ ስትነሺ፣ ምናልባት ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳያየው ያነባል። ሲያሾፍበት ስለከረመ አሁን «ስጪኝ» ማለት ከብዶታል።

አትጋፈጪው። «ያዝኩህ!» አትበይው፤ ካፈረ ማንበቡን ይተዋል። ጋዜጣውን ስትጨርሺ አጥፈሽ ክምር ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ የሚቀመጥበት አካባቢ ተዪው። ክፍሎቹን ለያይተሽ ከሆነ የሚወደውን ከላይ አድርጊ። ሲያሾፍ ሳቂ። ንባቡን እስካልተወ ድረስ ፌዙ ማንንም አይጎዳም።

መቀሱን የምታነሺው ደግሞ እሑድ ማታ ይሁን፣ እሱም ካነበበ በኋላ። ከመቁረጥሽ በፊት ገጹን ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። የኳስ ውጤቶች ሠንጠረዥ ከሆነ ሰኞ ድረስ ታገሺ።